በቃኝ ያለችው የበረሃ አበባ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ እንቅልፍ የመጣበትም ግድግዳውን ይደገፍ።

ድሮ፣ እንስራም ፍግም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ ደጋና ቆላ ከሚገናኙበት አፋፍ ላይ ወይዘሮ አሚናት የሚባሉ ሴት ነበሩ። ደግ ናቸው። ደግነታቸው ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ሰው ያስመርራል! ቤታቸው የገባ እንግዳ ሆዱን ይዞ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። "በቃኝ" ቢል ማን ይሰማዋል? በዚያ አገር እንግዳ አንዴ "በቃኝ" ካለ አፍሮ ነው ይባላል። ሁለቴ ካለ ጨዋ ነው ይባላል። ሦስቴ ካለ ደግሞ አስተናጋጁ አልለመነውም ማለት ነው፤ ስለዚህ ይጨመርለታል።

እኚህ ሴት ለልጃቸው ከቆላ ሚስት አመጡለት። ሙሽራዪቱ ሐዋ ትባላለች። ከቤቷ ስትወጣ እናቷ ወይዘሮ ፋጤ አንዲት የበረሃ አበባ ከነአሸዋዋ በቅል አድርገው ሰጧት። ያቺን አበባ የደጋ ሰው አይቷት አያውቅም። የቆላ ሰውም ቢሆን ስም አላወጣላትም፤ ግመል እንኳ ሳያያት ያልፋል። ቅጠሏ ግራጫ ነው፣ ቁመቷም ከስንዝር አይበልጥም።

"አደራሽን" አሉ ወይዘሮ ፋጤ፤ "መኸሩ ሲሰበሰብ ልጠይቅሽ ስመጣ አብባ ልያት።"

ወይዘሮ አሚናት ይህን ሲሰሙ ጭንቅ ገባቸው።

"ይህቺ አበባ የሞተች እንደሆነ 'አበባዬን ያላኖሩ ልጄን እንዴት ሊያኖሩ ነው' ይሉና ምራቴን ይዘውብኝ ይሄዳሉ!" አሉ።

አበባዪቱም የራሷ ጭንቅ ነበረባት። አብባ ዘሯን ካልጣለች ወገኗ በሰው አገር ማለቁ ነው። እንግዲህ እሷም ማበብ ትፈልጋለች፣ እሳቸውም እንድታብብ ይፈልጋሉ። ታዲያ ምን ችግር አለ ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝ እስቲ!

ወይዘሮ አሚናት ከጓሯቸው ጥቁር አፈር ላይ፣ ከጎመኑና ከኮባው መሃል ተከሏት። መስተንግዶው ተጀመረ።

መጀመሪያ እንስራዋ መጣች።

"እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ! ጠጪ!" አለቻት።

አበባዪቱ በረሃ ብታድግም ምግባር ተምራለች። "አላህ ይስጥልኝ፤ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። በቃኝ" አለች።

"ምን ጠጣሽና? በሞቴ!" አለችና እንስራዋ ዥው አደረገችባት።

ቀጥሎ ፍጉ መጣ፤ ገና ትኩስ ነው፣ ይጨሳል።

"ብዪ እንጂ! ከስተሻል እኮ!"

"ተፈጥሮዬ ነው አያ ፍግ። በቃኝ።"

"አፈር ስሆን! አፈር ስሆንልሽ!"

"አንተማ አፈር ከሆንክ ቆየህ፤ እኔን ግን ተወኝ!" አለች አበባዪቱ። ፍጉ ግን ጨዋታ መሰለውና እየሳቀ እስከ አንገቷ ተቆለለባት።

በመጨረሻ ኮባው ያንን ሰፊ ቅጠሉን ዘረጋባት።

"ፀሐይ ትመታሻለች የኔ ስስ። ከጥላዬ ግቢ።"

"ፀሐይ እኮ እናቴ ናት! ዞር በልልኝ! ጥላው በቃኝ!"

"ውይ ጨዋነቷ! እንዳታስቸግረኝ ብላ እኮ ነው" አለ ኮባው፤ ሁለተኛውንም ቅጠል ደረበላት።

ኤዲያ! በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ውሃ፣ ቀትር ላይ ጥላ፣ ማታ ፍግ። የአበባዪቱ ሥር ጭቃ ውስጥ መሽተት ጀመረ፣ ቅጠሏም ቢጫ ሆነ። ጎመን ደግሞ ወሬ ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። "አያችኋት? ቢጫ ሆናለች! ርቧት ነው!" ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ አሚናት ሰሙና ደረታቸውን ደቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንስራዋ ጠዋትም ማታም ትመጣ ጀመር።

አበባዪቱ ዘዴ ፈለገች። የሞተች መስላ ቅጠሏን ጣለች። "ውሃ ጠምቷት ነው!" ብለው አፈሰሱባት። ዶሮዋን ጠርታ፣ "እባክሽ እህት ዶሮ፣ አፈሩን ጫር ጫር አድርጊና ሥሬ ይድረቅልኝ" አለቻት። ዶሮዋ ጥቂት እንደጫረች ትል አገኘችና ጫጩቶቿን ሁሉ ጠራች፤ አበባዪቱን ረግጠዋት ሄዱ። ወይዘሮ አሚናትም "እኔን! እንግዳዬን ረገጧት!" ብለው ማካካሻ እንዲሆናት ውሃ ጨመሩላት።

በዚህ ጊዜ አበባዪቱ ተቃጠለች። አረረች። ይሉኝታዋ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀለጠ።

"አንቺ እንስራ!" ብላ ጮኸች። "የአንቺ ሆድ ሰፊ ስለሆነ የሁሉም ሰፊ መሰለሽ? አንተ ፍግ፣ የማይበላህን ለምን ትለምናለህ? አንተ ኮባ፣ ፀሐይን የፈጠራት ጌታ አንተን ሳያማክር ነው! እርስዎም እሜቴ! ደግ ነዎት፣ ማንም አይክድዎትም፤ ግን ገደሉኝ! ሥሬ በሰበሰ! በቃኝ ማለት በቃኝ ነው!"

ዶሮዋ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች።

ወይዘሮ አሚናት ነጠላቸውን አጣፉ። "እኔን? በገዛ ጓሮዬ? እሺ! ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ ውሃ ካቀመስኩሽ አሚናት አልባል!" አሉና እንስራዋን አንጠልጥለው ገቡ። አኮረፉ። እንስራዋም አኮረፈች። ፍጉ እየተንኮታኮተ ወደ ጎመኑ ሄደ። ኮባው ቅጠሉን ሰብስቦ ፊቱን አዞረባት።

በዚያው ዕለት እራት ላይ ሐዋ የአማቷን ፊት አየት አድርጋ፣ "እማ፣ እኔም በቃኝ" አለች። እሳቸው በኩርፊያቸው ላይ ስለነበሩ "ተይዋ እንግዲያ!" አሉ። ከሠርጓ ወዲህ ሐዋ ሆዷ ሳይወጠር ከገበታ ስትነሳ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቀን ቀንን ወለደ። ፀሐይ ወጣች፣ አፈሩ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ። ወይዘሮ አሚናት ወደ ጓሮ ሲወጡ አንገታቸውን አዙረው ያልፋሉ፤ አንዴም አላዩዋትም። ማታ ማታ ግን ሆዳቸው ይባባል። "ሞታ ይሆናል፤ በእልሄ ገደልኳት" ይላሉ ለብቻቸው። ሄደው እንዳያዩ ደግሞ ኩርፊያቸው አያስኬዳቸውም።

መኸሩ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ፋጤ ከቆላ መጡ። ልጃቸውን አቅፈው ሳሙና፣ ገና ሳይቀመጡ፣ "አበባዬስ?" አሉ።

ወይዘሮ አሚናት ቶሎ ብለው "እስቲ ውሃ ይጠጡ፣ እስቲ እህል ይቅመሱ" እያሉ ሊያዘገዩዋቸው ሞከሩ። ወይዘሮ ፋጤ "በቃኝ እህቴ" አሉና በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱ። ሐዋ ተከተለች። ወይዘሮ አሚናትም ምን እንደሚሉ እየጨነቃቸው ከኋላ ተጎተቱ።

አበባዪቱ አብባለች! ቢጫውን አበባ በላይ በላዩ ደርባ፣ ንብ ከቧት፣ አፈሩ ላይ ዘሯን እየበተነች ቆማለች።

ወይዘሮ ፋጤ አፋቸውን ያዙ። "እህቴ፣ እኔ እንኳ ከደጃፌ ተክያት ስንት ጊዜ ሞታብኛለች። ምን አድርገውላት ነው?"

ወይዘሮ አሚናት መዋሸት አልቻሉም። አቀረቀሩ።

"ተኳርፈን ነው" አሉ።

ወይዘሮ ፋጤ ሳቃቸው መጣ፤ ሐዋም ሳቀች። ወይዘሮ አሚናት ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው፣ "ይቅር በይኝ። ብትነግሪኝ ኖሮ..." ብለው ጀመሩ።

"ነገርኩዎት እኮ" አለች አበባዪቱ፤ "እንደ ይሉኝታ ቆጥረውብኝ ነው እንጂ።"

እንግዲህ ልጆቼ፣ እንግዳን "ብላ" ማለት ደግነት ነው። "በቃኝ" ሲል መስማት ግን ከዚያ ይበልጣል። ተረቴም እዚህ ላይ አለቀ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ፤ በቃኝ ስል ግን ስሙኝ።