የዋናተኛው ቅል

አንዱዓለም ይህን ምሳሌ ሲሰማ በጽሑፍ አልያዘውም፤ ስለዚህ አንዳንዱን ነገር አዛብቶት ሊሆን ይችላል። ሰውየው ገበሬ ነበር ወይስ ነጋዴ፣ እርግጠኛ አይደለም። ወንዙም ስም ነበረው፤ ስሙ ግን ጠፍቶበታል። ምሳሌው የተነገረበትን ጥያቄ ግን አልረሳውም፤ እሱን ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር የከረመው።

አንዱዓለም የስድስተኛ ክፍል መምህር ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቅ ዳር ለካምፕ ሊወስድ ተነሥቶ ኃላፊነቱ እሱ ላይ ወደቀ። ከተማሪዎቹ አንዷ ማራኪ ትባላለች። ከቤቷ ውጪ አድራ አታውቅም። ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ ዓይኗን ወደ አንዱዓለም ትልካለች፤ እሱም የመልሱን ግማሽ ይጀምርላታል። እናቷ «መምህር፣ እርስዎ አጠገቧ ካሉ ትሂድ፤ ካልሆነ ግን ትቅርብኝ» ብለውታል። ይህን ይዞ ጋሽ መርዕድ ዘንድ ሄደ። ጋሽ መርዕድ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ በዘመናቸው ብዙ ተማሪ ይዘው ብዙ ሜዳ ላይ አድረዋል።

«ድንኳኗን እኔው እተክልላታለሁ» አላቸው አንዱዓለም። «ውሃ መቅዳቱ አይደርሳትም፤ ማብሰሉም እንደዚሁ። የምትተኛው ከሴት መምህራኑ ድንኳን ጎን ነው። የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን ጋሼ?»

«ማኘኩን ረስተሃል» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ምግቡንስ ማን ያኝክላታል?»

አንዱዓለም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «እንግዲያው ዝም ብዬ ልተዋት? ቢያቅታትስ? እዚያው ተሰብራ ብትመለስስ? ልጅን መርዳት የሚያበቃው የት ላይ ነው?»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳብ አደረጉና እንዲህ አሉት።

አንድ ሰው ነበረ። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ በልጅቷና በትምህርት ቤቷ መካከል ደግሞ ወንዝ ነበረ። በበጋ ወንዙ ከጉልበት አያልፍም፤ ልጆች ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እየተጎሻሸሙ ይሻገሩታል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግን ውሃው ገና ሙሉ ነው። ሰውየው ዋና አይችልም። ስለዚህ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀምጥና ሰፋ ብሎ ጸጥ በሚልበት በኩል በእግሩ እየዳሰሰ ያሻግራታል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ልጅቷ አደገች፤ የአባት ትከሻ ግን አያድግም። በአንደኛው መስከረም መሐል ላይ እግሩ ከዳውና ውሃው ሁለቱንም ሊወስዳቸው ለጥቂት ተረፉ። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ልብሱን ሳይለውጥ «በቃ፣ ትምህርቱ ይቅር» አለ። ልጅቷ እንጀራዋን ሳትነካ ዋለች።

በዚያ አገር አንድ ዋናተኛ ነበረ፤ ሥራው ሰውና ከብት ማሻገር ነው። የልጅቷን ነገር ሰምቶ መጣና «መጪውን ክረምት ለእኔ ስጠኝ፤ ለከርሞ ራሷ ትሻገራለች» አለ። ሰውየው ብዙ አመነታ። በመጨረሻ «እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ካየሁ ይሁን» ብሎ ተስማማ።

ዋናተኛው አንድ ትልቅ ደረቅ ቅል አመጣ። አፉን በውታፍ ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ከልጅቷ ደረት ጋር በገመድ አሰረው። ቅሉ ልጅቷን እንደ ዳክዬ ቀጥ አድርጎ አንሳፈፋት። አባትየው ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ «ይሄ ቅል ከእኔ ትከሻ ይሻላል» አለ። ልጅቷ በእግሯ ስትፈራገጥ፣ በእጇ ስትቀዝፍ፣ ዋናተኛው ከጎኗ ይዋኛል። ሁልጊዜ የሚሆነው ከወራጁ፣ ውሃው ከሚወርድበት በኩል ነው፤ ውሃው ከወሰዳት የሚወስዳት ወደ እሱ ነው።

አባትየው ያላየው ነገር ግን ነበረ። ዋናተኛው በየማለዳው ከትልቁ ቋጥኝ ኋላ ይሄድና ውታፉን ነቅሎ ቅሉ ውስጥ አንድ ስኒ ውሃ ይጨምራል። መልሶ ይዘጋዋል። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው መጥቶ ያስርላታል።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ተሻግራ ተመለሰች። ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ሰዎች አጨበጨቡላት። አባትየው እየሮጠ ወርዶ ገመዱን ፈታላትና ቅሉን አነሣ። ከበደው። ሲነቀንቀው ውስጡ ተንቦጫቦጨ። ውታፉን ነቅሎ ዘቀዘቀው፤ ውሃው ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ አላልቅ አለ።

«አንተ ሰው» አለ። «ልጄ ላይ ድንጋይ አስረህባት ኖሯል?»

«ድንጋይ አይደለም፤ ውሃ ነው» አለ ዋናተኛው። «በቀን አንድ ስኒ። ቅሉ እሷን ማንሳፈፍ ከተወ ሰንብቷል። ዛሬማ እሷ ናት ተሸክማው የመጣችው።»

«ብትሰምጥስ?»

«ከወራጁ በኩል እኔ ነበርኩ።»

አባትየው ወደ ልጁ ዞረ። «አየሽ ልጄ፣ ሲያታልልሽ ከርሟል።»

«አውቅ ነበር አባዬ» አለች ልጅቷ፣ ከፀጉሯ ውሃ እየጨመቀች። «ሲከብደኝ አላውቅም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትደፋዋለህ ብዬ ነዋ።»

ሰውየው ባዶውን ቅል እንደያዘ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ልጁን አየ፤ ወንዙን አየ። ከዚያ ተነሣና ቅሉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ወጣ። ቅሉ ከዚያ ወዲህ የጎመን ዘር ማስቀመጫ ሆነ። መስከረም ሲጠባ ልጅቷ ደብተሯን አናቷ ላይ አስራ ወንዙን በዋና ተሻገረች። አባትየውም አልቀረም፤ ዋና አይችልምና ረጅም ዘንግ ይዞ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። የቆመው ግን ከወራጁ በኩል ነው።

ጋሽ መርዕድ ይህን ብለው ወደ አንዱዓለም ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ወንዙ ካምፑ ነው፤ ቅሉም ያንተ እርዳታ ነው። ልጅን ያለ ቅል ውሃ ውስጥ የሚወረውር መምህር አለ፤ እሱ ‹አጠነከርኳት› ይላል፣ ግን ልጅቷ ብትተርፍለት ዕድለኛ ነው እንጂ መምህር አይደለም። ባዶውን ቅል ዕድሜ ልኳን የሚያስርላት ደግሞ አለ። እሷ ትንሳፈፋለች፤ አትዋኝም። አንተ እስካሁን አባትየው ነበርክ፤ አሁን ዋናተኛውን ሁን። የመጀመሪያውን ድንኳን አብራችሁ ትከሉ። በማግስቱ ገመዱን ብቻ ያዝላት። ከዚያ እጅህን ኪስህ ክተት። ውሃውንም ትቅዳ፣ ሽንኩርቱንም ትክተፍ፤ እንባ ከሽንኩርት ቢመጣ ምንም አይደለም። አንተ ብቻ ከወራጁ በኩል አትታጣ።»

«እርዳታዬን እየቀነስኩባት መሆኔን ካወቀችብኝስ?»

«ታውቃለች» አሉ ጋሽ መርዕድ። «አንተ ብቻ ውሃውን አትድፋባት።»

አንዱዓለም ማራኪን ወሰዳት። ካምፑ የሐይቁን ዳር ተከትሎ ቦታ ይቀያይር ስለነበር ድንኳን በየጊዜው ይነቀላል፣ ይተከላል። እንደተባለው አደረገ፤ ገመድ የያዘ ቀንም፣ እጁን ኪሱ የከተተ ቀንም ልቡ ሲጠራጠር ዋለ። ማራኪ አንዴ ገመዱን አጠላልፋ ተቀምጣ ስታለቅስ አያት። ሊረዳት ተነሣና ባለበት ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቋጠሮውን እንደገና መፍታት ጀመረች።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። የወንዶቹ ድንኳን ወደቀ፤ የመምህራኑም ምሰሶው ተሰብሮ ሸራው እላያቸው ላይ ተነጠፈ። የማራኪ ድንኳን ግን ሳይወድቅ ቀረ። አንዱዓለም ይህን ለማመን አልደፈረም፤ አንዱ አዝኖላት ካስማውን አጥብቆላት ይሆናል ብሎ አሰበ። ከካምፕ ከተመለሱ በኋላ መምህራኑን አንድ በአንድ ጠየቀ። ቀጥሎ ከእሷ ጋር ያደሩትን ልጆች ጠየቀ። ማንም እጁን አላስገባም ነበር። ካስማዎቹን ሁሉ የመታችው ማራኪ ናት።