ፀሐይ የጠጣችው ስንት ነው?

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ውሃ ጎደለ ብለህ ሰው ከመያዝህ በፊት ቀና ብለህ ሰማዩን እይ» ማለት ያበዛ ነበር።

በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ከአንድ ቦይ እያጠጡ ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። አንድ በጋ ታች ላሉት የሚደርሰው ውሃ በጣም ጎደለባቸው። «ጎሽሜ ነው የሰረቀን!» ብለው ጮኹ። ጎሽሜ ማሳው ቦዩ የሚታጠፍበት ላይ የሆነ የልጆች አባት ነው። ከተፈረደበት የውሃ ተራው ይቀማል፤ ሽንኩርቱም ይደርቃል።

ውሃ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ የውሃ አባት የሚባሉት አቶ እንየው፣ ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ። «ፀሐይና ሰብል ስንት እንደጠጡ ለክታችሁ ንገሩኝ። እውነቱን ላመጣ ሹመቴን አወርሰዋለሁ» አሉ።

ትልቁ አያልነህ ከተማ የተማረ ነው። ሳተላይት ሸለቆውን በሙሉ ከላይ ያነሳውን ሥዕል አመጣና ወደ ሰማይ የሄደውን ውሃ ከእሱ አሰላ። «ፀሐይና ሰብል የጠጡት ከጎደለው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ በሰው እጅ ነው» አለ። ታች ያሉት ገበሬዎች ይህን ሲሰሙ ውሃ ወደ ጎሽሜ ማሳ የሚገባበትን በድንጋይ ደፈኑት። ሚስቱ «እግዚኦ! የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋችሁት!» ብላ ወደቀች።

መካከለኛዋ ልጅ ፈንታነሽ ከሥዕል ይልቅ ዓይኗን ታምናለች። በርሜል አስቆርጣ፣ አፈር ሞልታ ሽንኩርት ተከለችበትና ማሳው መሃል ቀበረችው። ጠዋትና ማታ እያወጣች በሚዛን ታየዋለች፤ የቀለለው ወደ ሰማይ የሄደ ውሃ ነው። «ፀሐይና ሰብል የጎደለውን በሙሉ ጠጥተውታል፤ ሌባ የለም!» አለች። ሄዳም ድንጋዩን በገዛ እጇ አነሳች።

አንዱ ከታች «አንቺ እኮ በርሜልሽን በየማታው ታጠጫለሽ! የእኛ ማሳ ተራውን ጠብቆ ስለሚጠጣ ይህን ያህል ወደ ሰማይ አይሄድበትም» አላት።

«እንዳይሞትብኝ ነዋ» አለች።

ትንሹ ሙሉቀን «ስትገምቱ ሰው ልትገድሉ ነው» አለና ማንንም ሳያስፈቅድ የሁሉንም ማሳ መግቢያ ዘጋ። ውሃው በዋናው ቦይ ብቻ እንዲወርድ አድርጎ ላይና ታች ለካው። ያም ሆኖ ውሃው ታች ሲደርስ ጎደለ! ሄዶ ቢያይ፣ በጎሽሜ አጥር ሥር የቦዩ ወለል ተሰንጥቆ መሬት ውሃውን ይውጠዋል። የሚውጠውም፣ ጌታ ሆይ፣ አያልነህ ተሰረቀ ያለውን ያንኑ ግማሽ ነው!

የአያልነህ ልኬት ትክክል ነበር፤ ግን በንጹሕ ሰው ላይ አስፈርዷል። የፈንታነሽ ልኬት ስህተት ነበር፤ ግን ንጹሑን አድናለች። ሙሉቀን እውነቱን አገኘ፤ ግን መግቢያው እስኪከፈት የመንደሩ ችግኝ በፀሐይ አረረ፣ የጎሽሜም ጭምር። አቶ እንየው የሹመት ዱላቸውን ይዘው ሦስቱን እያዩ ቀሩ፤ ለማን እንደሚገባ መናገር አቃታቸው።

ይህን ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳወራ፣ እኔ «ሹመቱ የሚገባው ለፈንታነሽ ነው» ብዬ ነበር። አንድ የማላውቀው መንገደኛ ብድግ አለና፣ አቧራውን እያራገፈ እንዲህ አለኝ፦

«እርስዎስ አባቴ፣ ነገ ሌባ ተብለው ቢቆሙ፣ ከሦስቱ ማን እንዲለካልዎ ይፈልጋሉ?»