የሦስተኛው ተራራ ክምር

አንድ ሰው ነበረ፤ መንገድ የሚያውቅ። የደከምህበት መጽሐፍ በአለቃህ ስም ታትሞ ወጣና «በእጄ የቀረውን ያልታተመ ደብተር ላቃጥለው ወይ?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ፣ የእሱን ነገር ላውጋህ።

ይህ ሰው የጥንት ነጋዴዎች በቅሎ እየነዱ ያልፉበት የነበረውን፣ ከጊዜ ብዛት ጓሳ ሣር የዋጠውን መንገድ ፈልጎ አገኘ። መንገዱ ሦስት ተራራ ያሻግራል፤ በበጋ ማልዶ የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዶ ቆላ ይደርሳል። ከቀትር በኋላ ግን ጉም ይወርዳል፤ ጉም ከወረደ ገደሉና ሜዳው አንድ ነው። ስለዚህ በየተራራው ጫፍ ለምልክት ድንጋይ ከመረ። ሦስት በጋ ፈጀበት። የአገሩ ገዥ ግን ክምሩን የሠራው አማቼ ነው ብሎ አስነገረ፤ ለአማቹም መሬት ሰጠው። ሕዝቡም «የአማቹ ክምር» ይለው ጀመር።

ሰውየው ሰባት ዓመት ዝም አለ። በስምንተኛው፣ አንድ የበጋ ጠዋት፣ በእጄ የሠራሁትን በእጄ አፈርሳለሁ ብሎ ወጣ። ከሩቁ ልጀምር ብሎ ሁለቱን ተራራ ክምራቸውን ሳያይ አለፈ። ደመናው ከእግሩ በታች ተኝቷል። ረጃጅሙ የጅባራ ተክል ሰው የሚጠብቁ ሽማግሌዎች መስሎ በየርቀቱ ቆሟል። የገዛ ኮቴው ከኋላው ሌላ ሰው የሚከተለው ይመስል ይሰማው ነበር። ለምን እንደ መጣ እስኪረሳ ድረስ ልቡ ቀለለው።

ሦስተኛው ጫፍ ሲደርስ ክምሩን አላወቀውም። እስከ ጉልበቱ አድርጎ ትቶት ነበር፤ አሁን ከቁመቱ በልጧል። ያለፈ መንገደኛ ሁሉ አንዳንድ ድንጋይ ጨምሮበታል። የእሱ ከሥር ነው። እዚያ ለመድረስ የሌላውን ሁሉ ማውረድ ነበረበት። አንዳንዱ ከቆላ ወንዝ ድረስ ተሸክመው ያመጡት ነው፤ አንዱ ላይ ክር ታስሯል። አንድ በአንድ አወረደ። መጀመሪያ ያስቀመጠውን ነጭ ድንጋይ ሲያገኝ ጉሙ ወርዶ ነበር።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም የሚሻገሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ የአማቹ ክምር እዚህ ነበር፣ የት ገባ ይላል። ሌላው «አንተን መንገድ መሪ ያልን እኛ ነን ጅሎቹ» እያለ ይቀልድበታል፤ ድምፁ ግን ይንቀጠቀጣል። ሴትዮዋ ታቃስታለች።

ሰውየው ነጩን ድንጋይ እንደ ታቀፈ ቆመ። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ክምሩ የእኔ ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወዲህ ነው። የአማቹ ክምር ወዲህ ነው። ገደሉን ወደ ግራ ተዉት» አለ።

እስኪደርሱ ድረስ ደጋግሞ ተጣራ። ሲያልፉ፣ ከኋላ የነበረው ጎንበስ ብሎ ከፈረሰው አንድ ድንጋይ አነሣና መልሶ አኖረ። «አባቴ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ይህን የከመረውንም ነፍሱን ይማረው» አለና ሄደ። ሰውየውም ነጩን ድንጋይ ወደ ቦታው መለሰ፤ የቀረውንም ለዐይን ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ከመረ።

ልጄ፣ ተጽናንቶ ወረደ አልልህም። ግን ክምሩ በሚያሳየው በዚያው መንገድ ወረደ። ያንተም ሥራ ያ ክምር ነው፤ ስሙን ወስደውብሃል፤ በጉም ውስጥ ሆኖ የሚፈልገውን ሰው ግን አንተም እነሱም አታዩትም። ስምህን በዳኛ ፊት ጠይቅ፤ ደብተሩን አታቃጥል።

እኔ በአንተ ዕድሜ ሳለሁ የራሴን ክምር እስከ መጨረሻው ድንጋይ አፍርሻለሁ። ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ማንም አልተጣራም። ከዚያ ወዲያ በጉም ቀን ማን እንደ ፈለገው ግን አላወቅሁም።