ምን ብለሽ ትጮኺያለሽ?

አንድ የውሃ አባት ነበረ። የውሃ አባት የምልሽ መስኖ ባለበት አገር ለገበሬው ውሃ የሚያካፍል፣ ቦይ ሲሰበር የሚያስጠግን ሰው ነው። «ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚደረገውን ሁሉ ጽፈን አስቀመጥን፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አሁንም እኔኑ ነው የሚጠራ፣ ለምንድን ነው?» ብለሽኝ የለ፣ ልጄ ሕሊና? ስሚኝ እንግዲህ።

ሰውዬው ለሹመቱ አዲስ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ የአርባ ዓመት እውቀታቸውን ሳይሞቱ በደብተራ እጅ አስጽፈው ነበር። ሽማግሌ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ትዝ እንዳለው ነው የሚያወራ፤ ቦዩ በየትኛው ክረምት ተቆፈረ፣ በውሃ ተራ ማን ከማን ተጣላ። መጽሐፉ እንደ ግንድ ወፈረ። አገሬው «እፎይ!» ብሎ በጨርቅ ጠቀለለና ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አኖረው።

አንድ ረፋድ ላይ ቦዩ ተሰበረ። ውሃው የአንዲት ባልቴት ሽንኩርት ላይ ተለቀቀ። የዓመት ቀለቧ እሱ ነው፣ ሌላ የላትም። ሰውዬው በድንጋይ ቢደፍነው ከሥር ሾለከ፤ በአፈር ቢደፍነው ጠርጎት ሄደ። ግራ ቢገባው ሮጦ መጽሐፉን አመጣ። ምን ብሎ ይፈልግ? የተጻፈው በዓመተ ምሕረት ተራ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ውሃው ከሥር መሹለኩን ብቻ። ቢገልጥ የበቅሎ ነገር፣ ቢገልጥ የሠርግ ነገር። ዞረበት። ማንበብ መቻሉን እንኳ ተጠራጠረ፣ ምስኪን።

ባልቴቷ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆማ አየችው።

«አንተዬ፣ ለሽንኩርቴ ፍትሐት ልታደርስለት ነው?»

«እናቴ፣ መላው እዚህ ውስጥ አለ። የቱ ጋ እንዳለ ነው የጠፋኝ።»

«እሱን ለውሃው ንገረው!»

በመጨረሻ አገኘው፤ ጭቃና ጭድ አቡክቶ ውሃው ከሚመጣበት በኩል መድፈን ነው። ደፈነው፣ ቆመ። ግማሹ ሽንኩርት ግን ሄዷል።

በማግስቱ መጽሐፉን ፈታታውና እንደ አዲስ ሊያስጽፈው ተነሣ። ለየገጹ ምን ስም እንደሚሰጥ ግን አላወቀም፤ ሲያስብ ሲያስብ እንደገና ግራ ገባው። ጨነቀውና ባልቴቷ ደጅ ሄደ።

«እናቴ፣ ትናንት ቦዩ ሲሰበር ምን ብለሽ ነው የጮኽሽ?»

«ምን እላለሁ? ‹ከሥር ሾለከ! ከሥር ሾለከ!› ነው ያልኩት።»

እሱኑ በገጹ አናት ላይ አስጻፈ። ሌላውንም ገጽ እንዲሁ፣ ባለ ማሳውን ሁሉ እየጠየቀ። መጽሐፉንም ከዕቃ ቤት አውጥቶ ቦዩ አጠገብ፣ የቦዩ ጠባቂዎች ከሚውሉበት ጎጆ አስቀመጠው። የጠገነ ሰው የተለየ ነገር ካገኘ ያንኑ ቀን እንዲያስጽፍ አዘዘ። በሌላ ጊዜ ቦዩ ሲሰበር እሱ ለቅሶ ሄዶ ነበር። አንዱ ጠባቂ ጩኸቱን ሰማ፣ ገጹን ገለጠ፣ ደፈነ። እሱን ጥሩ ተብሎ የተላከ ሰው አልነበረም።

እናንተም ልጄ፣ የጻፋችሁት አዋቂ ለአዋቂ እንደሚያወራው ነው። ያን ጽሑፍ የሚከፍተው ግን የደነገጠ ሰው ነው፤ የበሽታውን ስም አያውቅም፣ የሚያውቀው ሕመሙን ነው። ሄደሽ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ሲጨንቃቸው ምን ብለው እንደሚጮኹ ጠይቂያቸው፣ እሱን በአናቱ ላይ ጻፊው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቁት ጩኸት አንድ ብቻ ነው፦ «ሕሊና!»