ሳይለመን የማይበላ እንግዳ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ልሳኑ። ከፊታቸው የተቀመጠው ባለሱቅ ጥያቄውን ገና ጠይቆ መጨረሱ ነበር፦ «ወንድሜ ዛሬ ልጁን ይድራል። ከሦስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ጠርቶኛል። የጠራኝ ግን አንዴ ነው። ደግሞ ሳይለምነኝ ዘው ብዬ ብሄድ ክብሬ ምን ይሆናል?»

መምህር ልሳኑ ጥያቄውን እንዳልሰሙ አልፈው ቀጠሉ።

ሰውየው በችግር ያደገ ነው። እናቱ ወደ ጎረቤት ስትልከው «ብላ ቢሉህ በልቻለሁ በል። ቢደግሙህም በልቻለሁ በል። በሞቴ ካሉህ ብቻ ቁጭ በል» ትለው ነበር። እቤታቸው «ራበኝ» የሚባል ቃል አይነሣም። ቢነሣም መልስ የለውም። ልጁ አደገ፣ ነገደ፣ ሀብታም ሆነ። ልማዱም አብሮት አደገ።

አንድ ቀን ለንግድ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ቢዝነስ ክላስ በሚሉት በአውሮፕላኑ የፊት ክፍል ተቀመጠ። በጉዞው ጥድፊያ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። አስተናጋጇ ትኩስ ፎጣ ሰጠችው፤ ከፊቱ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች።

«አባባ፣ ምን ላቅርብልዎ? ዓሣ አለ፣ የበግ ጥብስ አለ፣ ዶሮ ወጥም አለ።»

የዶሮ ወጡ ሽታ ከጋሪው ሲመጣ ሰውየው ምራቁን ዋጠ። «ተይው ልጄ፣ በልቻለሁ» አለና በሞቴ እስክትለው ጠበቀ።

«እንደ ፈቀዱ» ብላ ፈገግ አለች፤ ጋሪዋንም ገፋች።

ሰውየው ደነገጠ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ቤት ገጥሞት አያውቅም። አጠገቡ የተቀመጠው ጎልማሳ ዶሮውን እየቆረጠ «ምነው፣ አይበሉም?» አለው። «ሆዴ ሙሉ ነው» ሲል ሆዱ በዚያው ቅጽበት ጮኾ አሳበቀበት።

አስተናጋጇ ተመልሳ መጣች። አሁንስ ልትለምነኝ ነው ብሎ ወገቡን አቀና።

«ፍራፍሬስ ላምጣልዎ?»

«ምን አደከመሽ፣ ይቅርብኝ።»

ደክሞታል ብላ ወንበሩን እንደ አልጋ ዘረጋችለት። ብርድ ልብስ ደረበችለት። የመስኮቱንም መከለያ ዘጋችለት። እንቢ ባለ ቁጥር እንክብካቤው እየበዛ፣ ምግቡ እየራቀ ሄደ።

ተጋደመና በልጅነቱ ባዶ ሆዱን የተኛባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉት። ያኔ የሚበላ አልነበረም። ዛሬ አለ። የከለከለው ሰው የለም፤ የከለከለው የገዛ አፉ ነው። ብርድ ልብሱን ገለጠ። በካልሲው ሄዶ፣ ምግብ የሚሰናዳበትን ክፍል መጋረጃ ከፈተ፤ በዕድሜው ሁሉ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ቃልም ተናገረ።

«ልጄ፣ ርቦኛል።»

አስተናጋጇ ሳቋን መያዝ አቃታት። ምድጃውን ከፍታ አንድ ሳህን አወጣች። ዶሮው ከነዕንቁላሉ ይጨሳል።

«የእርስዎ ነው። አውሮፕላኑ ሳይነሣ ነው ለእርስዎ የተጫነው። ለማንም አልሰጠሁትም።»

«ታዲያ ለምን በሞቴ አላልሽኝም?»

«እንዳልል ነው ያስተማሩኝ፤ እንግዳ አይጨቀጨቅም ይላሉ። እናቴ ብትሆንማ እጅዎን ይዛ ታስቀምጥዎ ነበር።»

ሰውየው መቀመጫው ድረስ መታገሥ አልቻለም። እዚያው ቆሞ እንጀራውን ጠቀለለ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን ወደ እሷ ዘረጋ።

«በልቻለሁ፣ አባባ» አለች።

«በሞቴ» አላት። ጎረሰች።

መምህር ልሳኑ ይህን ብለው ወደ ባለሱቁ ዞሩ። «ወንድምህ እንደዚያች አስተናጋጅ ነው። ድግሱ ሲደገስ ያንተም ድርሻ አብሮ ተደግሷል። በሞቴ ያላለህ ጠልቶህ አይደለም። ሦስት ዓመት ያኮረፈ ሰው ጨቀጨቀኝ እንዳይለው ፈርቶ ነው። አንተ ደግሞ ኩርፊያህን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንበህ ሁለተኛ ልመና ትጠብቃለህ። ግለጠውና ተነሥ። ደጁ ስትደርስም ጠርተኸኝ መጣሁ አትበለው፤ ናፍቀኸኛል በለው።»

ባለሱቁ ከመቀመጫው ተነሣ። ከዚያ «ብቻዬን እግሬ እሺ አይለኝም። እርስዎም አብረውኝ ይምጡ» አለ።

መምህር ልሳኑ ሁለተኛ እስኪጠሩ አልጠበቁም። ከዘራቸውን አነሡ።