ንፋስ የማያውቀው ዛፍ

እትዬ ዘነቡ፣ አንድ ንብ አናቢ ሰው ነበረ። «እናቴን ከዚያ ጠባብ ሰፈር አውጥቼ ፀሐይ የሚገባው ፎቅ ቤት ላስገባት ስል ለምን ታለቅሳለች?» ብለው ጠይቀውኝ የለ? እሱን ልመልስልዎ ነው።

ሰውዬው የሚኖረው በጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ከሚወርድበት ሸለቆ አፍ ላይ ነበር። ሸለቆው ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ አፉን ደግሞ ተራ ዛፎች ደፍነውታል። ከውስጥ፣ ወንዙ ዳር፣ ቀረሮ የሚባል ትልቅ ዛፍ ቆሟል። በዚያ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ዛፍ ላይ ነው፤ አባት ሲሞትም ዛፉን ለልጁ ያወርሳል። ሰውዬው በወጣትነቱ በገመድ እየተንጠላጠለ ቀረሮው ጫፍ ድረስ ይወጣ ነበር። አባቱ ከታች ሆኖ «አንተ ዝንጀሮ፣ አጥብቀህ ያዝ!» እያለ ይጮህበታል። ከላይ ያለው የንብ ድምፅ፣ የቅጠሉ ሽታ፣ ያ የአባቱ ጩኸት፣ ሁሉም ዕድሜውን ሙሉ ከጆሮውና ከአፍንጫው አልጠፋም።

አረጀና ጉልበቱ ከዳው። መውጣቱ ቢቀር እንኳ ያንን ጫፍ ከደጁ ቁጭ ብሎ ማየት አማረው። እነዚያ ተራ ዛፎች ግን ጋረዱት። ልጆቹን ጠርቶ ዛፎቹን አስቆረጠ።

ጎረቤቱ እየሮጠ መጣ። «ምን ነካህ ሰውዬ? ቀረሮው እኮ ንፋስ አያውቅም!»

«ዛፍና ንፋስን ደግሞ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል?» ብሎ ሳቀበት። «ተጨናንቆ ኖረ፤ አሁን ይተንፍስ።»

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፣ እትዬ። እርጥብ መሬት ላይ የበቀለ ዛፍ ሥሩን ወደ ታች ብዙ አያጠልቅም፤ ወደ ጎን ይዘረጋዋል። ቀረሮውን ያቆመው የገዛ ሥሩ ብቻ አልነበረም፤ ንፋሱን የሚከልሉለት እነዚያ ተራ ዛፎችም ነበሩ። በበጋው ሰውዬው ጫፉን እያየ፣ አባቱን እያስታወሰ ተደሰተ። ክረምት ሲገባ ግን ማዕበሉ በተከፈተው አፍ ገባ፤ ቀረሮውም ከነሥሩ ተነቅሎ ወንዙ ዳር ተጋደመ።

በማግስቱ ሰውዬው እየተደገፈ በግንዱ ጎን ሄዶ ሄዶ ጫፉ ጋ ደረሰ። የናፈቀውን ቅጠል በእጁ ያዘው። አባቱ የሰቀለው ቀፎ ከቅርንጫፉ ሥር ተሰባብሮ ነበር። ንቦቹ የሉም።

እትዬ ዘነቡ፣ ያ ሰው ያን ያደረገው ቀረሮውን ጠልቶ አይደለም፤ እርስዎም እናትዎን ስለሚወዱ ነው። የሰፈሩ ጭቃ፣ የጋራ ቧንቧው ወረፋ፣ የጎረቤት ጭቅጭቅ ለእርስዎ የሚጋርድ ተራ ዛፍ ነው። ለእናትዎ ግን ንፋስ መከለያ ነው። ጠዋት ጠዋት የእናትዎን ግድግዳ ደብድባ «አስካለ፣ አደርሽ?» የምትላቸው ያቺ ተጨቃጫቂ ጎረቤት አለች አይደል? ነገ መኪናው ሲመጣ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር ብቻ ያስቡ፦ በፎቁ ግድግዳ ማዶ ሆኖ ለእናትዎ የሚደበድብላቸው ማን ነው?