ከጃርት ጉድጓድ የበቀለው ዋንዛ

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም። ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ በአንድ አገር የሁሉም የሆነ የዋንዛ ደን ነበረ።

ቀበሮ የዋንዛ ፍሬ ይወዳል፤ ዛፍ መውጣት ግን አይችልም። ስለዚህ ማንም ሳያየው ዛፉን በመጥረቢያ ይጥልና ፍሬውን ለቅሞ ስልቻውን ይሞላል። መሬቱንም ያርስና «ጠፍ ነበር፣ እኔ አቀናሁት» ይላል። ፍሬውን ክረምት ሁሉም ሲራብ በውድ ሊሸጠው አስቧል። እስከዚያ ወደ ጃርት ጉድጓድ ይወስደዋል፤ በአገሩ እንደ ጃርት የታመነ አደራ ጠባቂ የለም።

«እሜቴ ጃርት፣ አደራ።»

«አደራ ይቀመጣል እንጂ ከየት ነው አይባልም» ትላለች፣ ከየስልቻው አንድ እፍኝ ለራሷ እየዘገነች።

ጉሬዛ ልጇን አቅፋ ወደ ዳኛው ጎሽ ሄደች። «አባ ጎሽ፣ ዛፉ እያለቀብኝ ነው። ነገ ልጄን ይዤ የምዘልበት ቅርንጫፍ የለኝም።»

ዛፍ በጠፋበት ሁሉ የሚያርሰው እሱ ነውና ጎሽ ቀበሮን ጠረጠረ።

«ቤቴን ፈትሹ» አለ ቀበሮ ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ፤ «ጦሜን ነው የማድረው።»

ቢፈትሹ አንዲት ፍሬ የለም። በማግስቱ ሌላ ዛፍ ወደቀ።

«እሜቴ ጃርት፣ አደራ።»

«አደራ ይቀመጣል እንጂ ከየት ነው አይባልም።»

ክረምት ገባ። በዳገቱ ላይ ጎርፍ የሚይዝ ዛፍ ስላልቀረ ውሃው ተንደርድሮ ጃርት ጉድጓድ ገባ። ጃርት ነፍሷን ይዛ ወጣች፤ ስልቻዎቹ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ሰንበትበት ብሎ የጉድጓዱ አፍ ለመለመ።

«ይሄማ የዋንዛ ቅጠል ነው» አለች ጉሬዛ። አገሩ ተሰበሰበ።

ጃርት አንገቷን ደፋች። «የቀበሮ አደራ ነው፣ አባ ጎሽ። እኔ አንድም ዛፍ አልቆረጥኩም።»

«አልቆረጥሽም» አለ ጎሽ። «መደበቂያ ባታበጂለት ግን ያን ሁሉ ምን ያስቆርጠው ነበር? እፍኝሽንም በልተሻል።»

ተፈረደ። ቀበሮ ያረሰውን መሬት ለደኑ መለሰ፤ ችግኙንም አንድ በአንድ በአፉ ተሸክሞ ተከለ። የመትከያውን ጉድጓድ የቆፈረችው ጃርት ናት፤ ለቁፋሮ ማን ይችላታል? ዛሬ የጉሬዛ ልጅ ከዋንዛ ወደ ዋንዛ ሲዘል ይውላል። ጃርትም የገዛ እህቷ ቋጠሮ ይዛ ብትመጣ እንኳ «ከየት ነው?» ሳትል አታስገባም።

እኔም የተሰጠኝን ሰጠኋችሁ፤ ከየት ነው ካላችሁኝ፣ ከአያቴ ነው። እሳቸውም ሲጨርሱ እንዲህ ይሉ ነበር፦

«ከየት ነው» የማይል አደራ ጠባቂ፣ የሌባ መጥረቢያ ደባቂ።